የዌይ ወንዝና የአባዬ ኩርፊያ

ማርች 24፣ ሰኞ

ደግሞ አላነሳም። ስልኩ ይጠራል፣ ይጠራል፣ ከዚያ ያቺ የቴሌ ሴትዮ ብቅ ትልና የደወልኩላቸው ደንበኛ መልስ እየሰጡ እንዳልሆነ ትነግረኛለች። አመሰግናለሁ እህቴ፣ አይቼዋለሁ።

አኩርፏል። ሌላ ምንም አይደለም። አባዬን አውቀዋለሁ፤ ሲያኮርፍ በር አዘጋጉ ያስታውቃል። ጡረታ የወጣ ቀያሽ፣ ፀጉሩ የነጣ ሰውዬ፣ በቻይና ወንዝ ምክንያት ልጁን ያኮርፋል። ይታይሽ ደብተሬ።

ላንቺ ልንገርሽ፣ ለሰው ብናገር ይስቅብኛል። ቴሲሴ ስለ ዌይ ወንዝ ነው። ዌይ የቢጫ ወንዝ ትልቁ ገባር። ከምዕራብ ተራራ ይነሳል፣ ወደ ምሥራቅ ይወርዳል፣ ንፋስ አምጥቶ የከመረውን ቢጫ አፈር እየሰነጠቀ። የጥንት ቻይና ነገሥታት ከተሞቻቸውን ተራ በተራ የቆረቆሩት እዚሁ ዳር ነው። ጂንግ ደግሞ የዌይ ገባር፣ ከሰሜን የሚመጣ። ሁለቱ ሲገናኙ ወዲያው አይደባለቁም። አንዱ ድፍርስ፣ አንዱ ኩልል ያለ፣ መሀላቸው መስመር የተሰመረ እየመሰለ ጎን ለጎን ይሄዳሉ።

ይሄን ለአባዬ በስልክ ነገርኩት። ደስ አለው። ከዚያ፣ ድፍርሱ የትኛው ነው አለ። ጂንግ አልኩት። የት አየሽው? መጽሐፍ ላይ። ሌላው መጽሐፍስ? ሌላው ዌይ ነው ይላል። በቃ ፈነዳ። እሱ ዕድሜውን ሙሉ በእግሩ ያልረገጠውን ካርታ ላይ አላሰፈረም፣ እኔ ቶሮንቶ ፎቅ ላይ ተቀምጬ በሳተላይት ፎቶ የሰው አገር ወንዝ አቦካለሁ። ደሞ አዋሽ ምን ጎደለው? እኔም ዝም አላልኩም። ተጯጯህን። መልሱን ስታገኚ ደውይልኝ አለና ዘጋው።

ይኸው ነው። ከዚያ ወዲህ የለም።

ማርች 26፣ ረቡዕ፣ ማለዳ፣ ከክላስ በፊት

ናሆም ኮል አደረገ። ታናሽ ወንድሜ፣ አዲስ አበባ ከአባዬና ከእማዬ ጋር ነው የሚኖረው። አባዬ ሐዋሳ ነው አለኝ። ጉባኤ ሄዶ። ኔትወርክ የለም።

ሐዋሳ ኔትወርክ የለም! ማንን ነው የሚያሞኘው? እማዬን አገናኘኝ አልኩ። ተኝታለች። በጠራራ ፀሐይ? ራሷን አሟት። ለምን አሟት? አትጨቅጭቂኝ፣ ፈተናሽን አጥኚ አለኝ። ፈተና ሳይሆን ዲፌንስ፣ ቴሲሴን ፈታኞች ፊት የምሟገትበት፣ ስንቴ ልንገርህ! ድምፁ ጎርንኗል። ጉንፋን ነው ይላል። ዘጋሁበት።

ቆይ፣ ሌላም አለ። የቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ የለሁም። አልወጣሁም፣ አወጡኝ። አድሚኑ ማነው? አባዬ! የጸሎት ጥቅስ ከመለጠፍ ሌላ ምንም የማያውቅ ሰውዬ፣ እኔን ሪሙቭ ማድረግ ሲሆን ተማረ። ደሜ ፈላ።

ለቤዛ አሳየኋት። ቤዛ የአክስቴ ልጅ ናት፣ እዚህ አፓርትመንት አብረን ነው የምንኖረው። ስልኬን ተቀበለችኝ፣ ቆየችበት፣ ቫይረስ ይሆናል አለች። ፌስቡኬንም አጥፍታ መለሰችልኝ። ለኮንሰንትሬሽን ነው አለች። ማን ጠየቀሽ?

ማርች 30፣ እሑድ

ቸርች አትሂጂ ተባልኩ። ቤዛ ናት። እግዚአብሔር ይረዳሻል፣ አንቺ ቁጭ ብለሽ ሥሪ። ይቺ ናት በየሳምንቱ ከእንቅልፌ ጎትታ ዳንፎርዝ ድረስ ባስ የምታስይዘኝ! ብቻዋን ሄደች። ዓይኗ አብጦ መጣች። ስብከቱ ነክቶኝ ነው አለች።

ላውንድሪ ወረድኩ። እትዬ ወርቄ እዚያ ነበሩ። የታችኛው ፎቅ ጎረቤታችን፣ የቸርቹ እናት። የሚያውቃቸው ያውቃቸዋል፤ ድራየሩ ላይ ተራ የሚነካባቸው ሰው ወዮለት። ባለፈው ካልሲዬን ገና እርጥብ እያለ አውጥተው ወንበር ላይ ክምር አድርገውት ነበር፣ ሳምንት ሙሉ ስንኳረፍ ከረምን። ዛሬ የራሳቸውን ልብስ አውጥተው ተራቸውን ለቀቁልኝ። ህሊናዬ አሉ። ስሜን አቆላምጠው ጉንጬን ዳበሱት። ጌታ ያበርታሽ።

ለዲፌንስ ነው እንዲህ የሚባለው? ምን ነካቸው? ማታ ደግሞ ምስር ወጥ በኮንቴይነር አመጡ። ትላንት ሌላ የቸርች ሴትዮ ሩዝ አምጥታለች። ፍሪጁ ሞላ። ያልታመመ ሰው እንደዚህ ሲንከባከቡት ያናድዳል። የማልጨርሰው መስሏቸው ነው፤ ትወድቃለች ብለዋል፣ ከወዲሁ እያዘኑልኝ ነው። አሳያቸዋለሁ።

ኤፕሪል 4፣ ዓርብ

ሱፐርቫይዘሬ የቦዩን ምዕራፍ ቁረጪው አለ። ተረት ነው፣ ደለልሽ ላይ አተኩሪ። ጥርሴን ነክሼ ኖት ያዝኩ። ባሱ ውስጥ አለቀስኩ፣ በንዴት።

እሱ ባይፈልገው ላንቺ እጽፈዋለሁ። ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ነው። ቺን የሚባለው መንግሥት የዌይ ሸለቆ ላይ ተቀምጦ ጎረቤቶቹን ሊውጥ ያደባል። አንዱ ጎረቤት ፈራ። በጦር አይችለውም። የውሃ መሃንዲስ ላከ። ሂድና ከጂንግ ተነስቶ ከዌይ በስተሰሜን ሜዳውን የሚያቋርጥ ትልቅ ቦይ ቆፍሩ በላቸው፤ ጉልበታቸው እዚያ ይለቅ፣ ለጦርነት አይትረፋቸው። ቺኖች አመኑት። ቆፈሩ፣ ቆፈሩ። መሀል ላይ ተነቃበት። ንጉሡ ሊያስገድለው ሆነ። መሃንዲሱ አልካደም። አዎ፣ ስጀምረው ማታለያ ነበር፣ ካለቀ ግን የሚጠቅመው አንተኑ ነው አለው። ንጉሡ አሰበ፣ አሰበና፣ ጨርሰው አለ። የጂንግ ደለል ያንን ጨዋማ ሜዳ አለበሰው። እህል በእህል ሆነ። ቺኖች በዚያ ጠግበው ሁሉንም ጎረቤት ዋጡ፣ መሃንዲሱን የላከውንም።

አባዬ ይሄን ታሪክ ወዶት ነበር። ያን ቀን፣ ከመጯጯሃችን በፊት ነው የነገርኩት። ንጉሡ ማረው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ማረው አይልም፣ እንዲጨርስ ተወው ነው የሚለው አልኩት። ሳቀ። ሲስቅ ሳል ያዘው፣ አልለቀው አለ። እንዲያ ከሆነ አስተዋይ ንጉሥ ነው አለኝ።

ምዕራፉን አልቆርጠውም። ሱፐርቫይዘሬ ቢፈልግ ይጣለኝ።

ኤፕሪል 9፣ ረቡዕ፣ ረፋድ

አገኘሁት! ደብተሬ አገኘሁት!

ሁለቱም። መልሱ ሁለቱም ነው። በአንድ ዘመን ጂንግ ይደፈርሳል፣ በሌላው ዌይ። ላይኛው ተፋሰስ ላይ ማን ሰፈረ፣ ማን ደን መነጠረ፣ ማን አረሰ፣ እሱ ነው የሚለየው። መጻሕፍቱ አልዋሹም፣ እያንዳንዱ በዘመኑ ያየውን ጻፈ። ደሞ ስሚ ይሄን፦ አንድ ንጉሠ ነገሥት እንደ አባዬ የመጽሐፍ ንትርኩ ሰልችቶት፣ ሰው ልኮ፣ ጂንግ ምንጭ ድረስ አስኬዶ አስመረመረ። ሂድና በዓይንህ እይ ብሎ! አባዬ ይሄን ሲሰማ ጮቤ ይረግጣል። አየሽ አላልኩሽም ይላል፣ ከዚያ ይታረቀኛል።

እየደወልኩ ነው።

ከሰዓት

ዝግ ነው። አሁን መጥራትም ቀረ። ጠዋት ዝግ፣ ቀን ዝግ።

ናሆም ጋ ደወልኩ። ሐዋሳ ነው ሊለኝ ሲል ጮህኩበት። ስንት ሳምንት የሚቆይ ጉባኤ ነው? ደግሞ መልሱን አግኝቻለሁ በለው፣ ሁለቱም ነው በለው፣ ይህችን ብቻ ንገርልኝ አልኩ። እነግረዋለሁ አለ። ዘጋው። እኔ ሳልዘጋ እሱ ዘጋው!

እንደዚህ ያለ ኩርፊያ አይቼ አላውቅም። መልሱን ስታገኚ ደውይ ያልከኝ አንተ ነህ። ደወልኩ። የታለህ? ቆይ ብቻ፣ ዲፌንሴ ይለፍ፣ እኔም አላነሳም። ስንት ቀን እንደምትችል እናያለን።

ኤፕሪል 13፣ እሑድ

ቀስ ብዬ ልጻፍ።

ላውንድሪ ወረድኩ። እትዬ ወርቄ የልብስ ማጠቢያ ካርዳቸውን ቤት ረስተዋል። ኤሌቬተሩ ተበላሽቷል፣ ጉልበታቸው ደረጃ አይወድም። ቁልፉን ይስጡኝ፣ እኔ ላምጣልዎት አልኩ። ሰጡኝ። መኝታ ቤት ኮመዲኖው ላይ ነው አሉ። ገባሁ።

መኝታ ቤቱ የቸርች ተጣጣፊ ወንበር ሞልቶታል። ከግድግዳ እስከ አልጋ። የውሃ እሽግ። የወረቀት ኩባያ። ሶፍት በካርቶን። ትልልቅ ድስት። የሰርግ ነው አልኩ። እውነቴን ነው፣ ማን አገባ ነው ያልኩት።

ዞር ስል ከበሩ ጀርባ ጥቁር ቀሚስ ተሰቅሏል። ተተኩሷል። ጥቁር ሻሽ አብሮ። የማን እንደሆነ ወዲያው አላወቅኩም። ከዚያ እጅጌው ላይ ራሴ በመርፌ የጠቀምኩትን ቀዳዳ አየሁ።

የኔ ቀሚስ ነው። ቁም ሳጥኔ ውስጥ መሆን የነበረበት። ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ እየጠበቀኝ።

ካርዱን ይዤ ወረድኩ። ሰጠኋቸው። አመሰግናለሁ ህሊናዬ አሉ። ምንም አይደል እትዬ አልኩ። ከዚያ ፊታቸው ተለዋወጠ፤ ቀሚሱ ትዝ ያላቸው ያኔ ነው። አዩኝ። እኔም አየኋቸው። ወንበሮቹ ለሰርግ ነው እንዴ አልኩ፣ አፌን ሞልቼ። አዎ ልጄ፣ ለሰርግ ነው አሉ።

በሬዲዮ ጥቅስ ሰምተው እንባቸውን የሚያፈሱ ሴትዮ፣ ዓይናቸው ደርቆ፣ ለሰርግ ነው አሉኝ።

ያው ቀን፣ ሳይመሽ

ቤት መቀመጥ አልቻልኩም። ቤዛ ሻይ ልፍላልሽ አለችኝ፣ ልመታት ነበር። ከፎቃችን ጀርባ ወደ ሸለቆው ወረድኩ። የዶን ወንዝ ቅርንጫፎች የሚገናኙበት። ከእግር መንገዱ ወጥቼ ጭቃው ውስጥ ገባሁ፣ ጫማዬ ተበላሸ፣ ይበላሽ።

በረዶው ቀልጦ ወንዙ ሞልቷል። ከመንገዱ በኩል የሚመጣው ትንሹ ጅረት ቡኒ ነው። ትልቁ ጠራ ያለ። ሲገናኙ አልተደባለቁም። ቡኒው ዳሩን ይዞ፣ ሌላው መሀሉን፣ ትንሽ መንገድ ተለያይተው ሄዱ።

በዓይኔ አየሁት አባዬ። ቆሜ፣ በእግሬ፣ እዚያው። ለማን ልደውል?

ያንን ሁሉ ቀን እሱ ሞቶ ሳለ እኔ እየሰደብኩት ነበር። ግትር፣ አኩራፊ፣ ልጁን ከግሩፕ የሚያባርር። ሁሉም ያውቃል። ቤዛ ታውቃለች፣ ቸርቹ ያውቃል፣ ምስር ወጥ ያመጣው ሁሉ ያውቃል። የማላውቀው እኔ፣ ልጁ። በላሁላቸው። ጣፋጭ ነው አልኩ። ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው? የሰው ሞት እንዴት ተደርጎ በኮንቴይነር ይደበቃል?

ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። ውሻ ይዞ የሚያልፍ ሰውዬ ደህና ነሽ ወይ አለኝ። ደህና ነኝ አልኩት። እኔም ዋሸሁ።

ኤፕሪል 14፣ ሰኞ፣ ማለዳ

ናሆምን ያዝኩት። እንደምን አደርክም አላልኩ። መቼ ነው አልኩት። ምኑ አለ። ናሆም፣ ቀሚሴን አይቼዋለሁ።

አለቀሰ። ጉንፋን የለም፣ ሲያለቅስ ነው የጎረነነው። ሳንባው ነው። ከገና ጀምሮ ያመው ነበር። ቀብረውታል፣ ሠልስቱ ወጥቷል፣ ሁሉም አልቋል። ከግሩፕ ያወጣኝም ናሆም ነው፣ በሞቱ ማግስት፣ በአባዬ ስልክ፤ የለቅሶ መልእክት እንዳላይ።

ሰደብኩት። ያልሰደብኩት የለም። እማዬንም ጨምሬ። ለዲፌንስ ብላችሁ አባቴን ነጠቃችሁኝ፣ በረራ ይዤ እመጣ ነበር፣ እጁን እይዝ ነበር! ሲያልቅብኝ፣ እኛ አይደለንም አለ። ራሱ አባዬ ነው ያዘዘን። እማዬ ለምናው ነበር፣ ይነገራት፣ ኋላ አትምረንም ብላ። አይሆንም፣ ትጨርስ አለ። አትማራችሁም፣ ግን ትጨርስ። ንጉሡም አስጨርሶታል አለ። ናሆም የምን ንጉሥ እንደሆነ አልገባንም አለኝ። ትኩሳቱ ነው፣ እየቃዠ ነው ብለን ዝም አልን አለኝ።

ስልኩን መሬት ላይ አስቀመጥኩት። ሄሎ ሄሎ ሲል ይሰማኛል።

አባዬ፣ ያን ቀን እያወቅክ ነው የጠየቅከኝ። ማረው ወይ ስትለኝ እያሳለህ ነበር። የተጣላኸኝም ሆን ብለህ ይሆናል፤ ኩርፊያ መስሎኝ ስልክ አለማንሳትህ እንዳያጠራጥረኝ። ይሄን ማን ይነግረኛል አሁን? ተናድጄብሃለሁ። ከሁሉም በላይ በአንተ። እነሱ ታዘዙ፣ አንተ ግን ቀይሰህ፣ ለክተህ፣ ችካል ተክለህ ሄድክ።

ናሆምን አንድ ነገር አስማልኩት። ማወቄን ለማንም እንዳይናገር። ለምን አለኝ። ለራሴም አልገባኝም፣ ዝም በል አልኩት።

ኤፕሪል 16፣ ረቡዕ

አለፍኩ። ጥቃቅን እርማት ብቻ።

የቦዩን ምዕራፍ አልቆረጥኩም። አንዷ ፈታኝ ያዘችኝ፤ ታሪኩ እውነት ለመሆኑ ምን ማስረጃ አለሽ? ሰውየው ንጉሡን ምን እንዳለው ማስረጃ የለኝም አልኩ፣ ደለሉ ግን ያውና። ሜዳው ላይ ያለው አፈር የጂንግ ነው፣ ሰው ነው ያመጣው። ድፍርሱስ የትኛው ነው አለች። ወይ ጉድ፣ ይህችኛዋም! ሁለቱም አልኳት፣ በየዘመናቸው። ሱፐርቫይዘሬ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። አቀርቅሬ ወረቀቴን ሰበሰብኩ፣ ቀና ብል ስለማለቅስ።

ቤዛ ውጪ ኮሪደሩ ላይ እየጠበቀች ነበር። እልል አለች። ከዚያ አቀፈችኝና አልለቅ አለች። ይቺ ልጅ ስንት ቀን ነው ይሄን ብቻዋን ተሸክማ ከኔ ጋር ቴሌቪዥን ያየችው? ላዝንላት ነበር። አላዘንኩላትም።

ማታ ቶሎ ተኚ አለችኝ። ነገ ማልደን እንነሳለን ወይ አልኳት። ሳህን አጠባ ላይ ነበረች፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ። ውሃው ብቻ ይፈሳል።

ኤፕሪል 17፣ ሐሙስ፣ ሲነጋ

መጡ። ከመስኮቴ ይታዩኛል። ፓርኪንጉ ላይ፣ ጭጋግ ውስጥ። ጥቁር ለብሰው፣ ተቃቅፈው ቆመው እርስ በርስ ይጠባበቃሉ። ፓስተሩ አሉ። ወንበር የተሸከሙ ወንዶች። መኪናቸውን ከሩቅ ነው ያቆሙት፣ ድምፅ እንዳልሰማ።

ቤዛ ተነስታለች። ኮቷን ደርባለች፣ ከሥሩ ጥቁር ነው። የተኛሁ መስሏት በጣቷ ጫፍ ትራመዳለች።

እትዬ ወርቄ ደረጃውን ይዘዋል። ኤሌቬተሩ አልተሠራም። ሲያርፉ ይሰማኛል፣ ኡፍ ይላሉ፣ ደግሞ አንድ ደረጃ። ለራሳቸው የዶክተር ቀጠሮ እንኳን ደረጃ አይነኩም ነበር። ጌታ ሆይ በሚል አፍ ለሰርግ ነው ብለው የዋሹኝ ሴትዮ። ቀሚሴ እጃቸው ላይ ይሆናል።

በሩን ከፍቼ፣ አውቄዋለሁ፣ ሂዱልኝ ልላቸው እችላለሁ። ሌሊቱን ሳስበው ያደርኩት ይሄንን ነው። ፊታቸው ሲገረጣ ላየው ፈልጌ ነበር። አሁንም እፈልጋለሁ።

ግን አባዬ፣ ይሄ ያንተ ቦይ ነው። አልማርኩህም። እነሱንም አልማርኩም፣ ይጻፍልኝ። እትዬ ወርቄ ይግቡ፣ ይቀመጡ፣ ትንፋሻቸውን ይሰብስቡ፣ እጄን ይያዙ፣ የመጡበትን ይናገሩ። እንደ አዲስ እሰማቸዋለሁ። ይጨርሱት።

ተንኳኳ። ቤዛ ወደ በሩ ሄደች። ተይ አልኳት፣ በሩን የምከፍተው እኔ ነኝ።